«አያቴ ነግራኛለች» ምንጭ ይሆናል? ውክፔዲያ ለአሳይመንት፣ የአንድ ሴሚስተር ማስታወሻ

የካቲት 6

ነገሩ የተጀመረው በብስጭት ነው። ያለፈው ሴሚስተር ተርም ፔፐሮች ቢሮዬ ጥግ፣ ካቢኔው ላይ ተከምረው አቧራ ለብሰዋል። ተማሪው ለእኔ ይጽፋል፣ እኔ ማርክ እሰጣለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እውነቱን ለመናገር አንዳንዶቹን እኔም ከመግቢያና ከመደምደሚያው ውጭ አላየኋቸውም።

ስለዚህ ዘንድሮ ለጽሑፍ ኮርሱ ሌላ ነገር አሰብኩ። 32 ተማሪዎች አሉኝ። በአራት በአራት ከፍዬ ስምንት ግሩፕ አደረግኳቸው። እያንዳንዱ ግሩፕ ለአማርኛው ውክፔዲያ አንድ ጽሑፍ ያዘጋጃል። (እኛ ዊኪፒዲያ እንላለን እንጂ የአማርኛው ገጽ ራሱን የሚጠራው «ውክፔዲያ» ብሎ ነው። እኔም በእሱው ሄድኩ።)

የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፍ አለው። የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ ነው። ዛሬ ክፍል ውስጥ ጽሑፍ በዘፈቀደ የሚያወጣውን ቁልፍ በፕሮጀክተር እያሳየሁ ነካሁት። ተረትና ምሳሌ መጣ። ደግሜ ነካሁት። ሌላ ተረትና ምሳሌ። ሦስተኛውም እንደዚያው። በጎ ፈቃደኞች ድሮ እጅግ ብዙ ምሳሌያዊ አነጋገር እየለቀሙ፣ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ገጽ ከፍተውለት ኖሯል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ቲቸር፣ ታዲያ ለእኛ ምን ቀረን?» አለ አንዱ ከኋላ።

የቀረውን በሙሉ፣ አልኩት።

የካቲት 13

የመጀመሪያው የላብ ቀን። ከሸፈ ማለት ይቻላል።

ዕቅዱ ቀላል ነበር። ሁሉም አካውንት ይከፍታል፣ ገጹ ላይ ሁለት ሦስት ፊደል ያርማል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስድስት ልጆች ከፈቱ። ሰባተኛዋ ላይ ቀጥ አለ። ከዚህ አድራሻ ዛሬ ብዙ አካውንት ስለተከፈተ ሌላ አይቻልም ይላል። ኮምፒውተር ቀየረች፤ ያው ነው። ለካስ ከአንድ አይፒ አድራሻ በቀን ከስድስት አካውንት በላይ አይፈቀድም። አጭበርባሪ በጅምላ እንዳይመዘገብ የተበጀ አጥር ነው። የላቡ ኮምፒውተሮች ደግሞ ሁሉም ወደ ውጭ የሚወጡት በአንድ አድራሻ ነው። ለውክፔዲያ እኛ 32 ተማሪዎች ሳንሆን አንድ ተጠራጣሪ ሰውዬ ነን። ይቅርታ፣ አንድ *አጠራጣሪ* ሰውዬ።

የቀሩት በስልካቸው ዳታ ሞከሩ። ግማሹ ተሳካለት፣ ግማሹ እንደገና ተከለከለ። ቀድሞ ለአስተባባሪዎች ቢነገር ገደቡ ይነሳል፤ ይህን ያነበብኩት ማታ ቤት ገብቼ ነው። ሌላ መምህር ይህን ካነበበ፦ ልጆቹ አካውንት ከቤታቸው ከፍተው ይምጡ። የላብ ሰዓት አታባክኑ።

ሌላ ጉድ ደግሞ አለ። አንዱ ተማሪ የአባልነት ስሙን ሙሉ ስሙ ከነአያቱና ከነመታወቂያ ቁጥሩ አድርጎታል። «ለእርማት እንዲመችዎት ብዬ ነው» አለኝ። ልቤ ተነካ፣ ደነገጥኩም። ውክፔዲያ ላይ የሠራኸው ነገር ሁሉ በዚያ ስም ለዓለም ክፍት ሆኖ ይኖራል። ስም ማስቀየር በጥያቄ ይቻላል፤ አብረን ተቀምጠን ጥያቄውን ሞላን። ለክፍሉም ተናገርኩ፦ በራስ ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም፣ የብዕር ስም ይበቃል፣ ማን ማን እንደሆነ እኔ ወረቀት ላይ እይዛለሁ።

የካቲት 20

ርዕስ መረጣ። አንዱ ግሩፕ ስለ ዲፓርትመንታችን መጻፍ ፈለገ። አይሆንም። ሌላው አንድ ዘፈን ስለለቀቀ ጓደኛቸው። እሱም አይሆንም፤ ስለ ሰውዬው ሌሎች የጻፉት ነገር መኖር አለበት። ትንሽ ተኮራረፍን።

የጸደቁት ውስጥ አራቱን ብቻ እዚህ እከታተላለሁ፤ ደራርቱ ቱሉ፣ የቡና አዘገጃጀት፣ አዲስ ዘመን ጋዜጣና የጠላ አጠማመቅ። ሌሎቹ አራቱ ወይ ያለ ችግር ሄዱ፣ ወይ ችግራቸው ከእነዚህ የተለየ አይደለም።

ጠላን ያመጣችው ከፊት የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ናት። አያቷ ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለማኅበር ሲጠምቁ ኖረዋል። በሚቀጥለው ሳምንት የመጀመሪያውን ረቂቅ አመጣችልኝ። በዚህ ሴሚስተር ካነበብኩት ሁሉ ያማረ ነበር። ጌሾው እንዴት እንደሚወቀጥ፣ ጥንስሱ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ የጠላው ቂጣ ተቆራርሶ ሲገባ የሚሰማው ድምፅ፣ እንኩሮው ሲገባ የድፍድፉ መልክ እንዴት እንደሚጠቁር። ጋኑ በወይራ ሲታጠን ጭሱ ግቢውን አልፎ ጎረቤት እንደሚጠራ።

ሥር ላይ፣ ምንጭ በሚለው ቦታ፣ «አያቴ ነግራኛለች» ይላል።

መጋቢት 2

ይህን ማስረዳት ከሁሉም ከበደኝ። ውክፔዲያ ላይ የሚጻፍ ነገር አንባቢው ሄዶ ሊያረጋግጠው የሚችል መሆን አለበት። የታተመ ነገር ያስፈልጋል፤ መጽሐፍ፣ ጋዜጣ፣ የጥናት ጽሑፍ። ራስህ ያየኸው፣ ራስህ ጠይቀህ የደረስክበት ለመመረቂያ ጽሑፍ ይሆናል፤ እዚህ ግን አይገባም።

«አያቴ ግን ትዋሻለች እንዴ?» አለችኝ።

አልዋሹም። ልክ ናቸው። ማንም ፕሮፌሰር እንደሳቸው አያውቅም። ግን ከባሌ ወይም ከጎንደር ሆኖ የሚያነብ ሰው አያቷን እንዴት ያገኛል? ነገ ሌላ ሰው መጥቶ «የእኔ አያት ደግሞ እንደዚያ አይደለም ያሉኝ» ቢል ማን ይዳኛል?

ገብቷታል፣ ግን አልተዋጠላትም። እኔም ብሆን ሙሉ በሙሉ አልተዋጠልኝም። የሀገራችን ዕውቀት አብዛኛው አፍ ላይ ነው ያለው። የታተመ ካልሆነ አይቆጠርም የሚል ሕግ የሚጎዳው በብዛት ያላተመውን ነው። ይህን ክፍል ውስጥ ተናገርኩት፤ ሕጉን ግን አላጠፍኩም። የሀገራችን ምግብና መጠጥ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ስለ ጠላ ጽፈዋል፤ ፈልጊ አልኳት።

መጋቢት 9

የደራርቱ ግሩፕ። አራት ልጆች ሥራውን በንዑስ ርዕስ ተከፋፍለው ጻፉ። ውጤቱን ሳነብ ሳቄ መጣ። አንደኛው አንቀጽ ላይ ደራርቱ «ተወለደች»፣ ሁለተኛው ላይ «ሮጠች፣ አሸነፈች»፣ አራተኛው ላይ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዝዳንት ሆነው «ተመረጡ»። በአንድ ገጽ ውስጥ ከአንቺ ወደ አንቱ ተሸጋገረች። ተሸጋገሩ።

ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። አንዷ «ቲቸር፣ በዕድሜ እናታችን ናቸው፣ ‹አሸነፈች› ማለት ይከብደኛል» አለች። ሌላው «ስፖርት ጋዜጠኛ ሁሉ ‹ደራርቱ አሸነፈች› ነው የሚለው፣ ማን ተቀየመ?» አለ። እንግሊዝኛው ይህ ጣጣ የለበትም። የእኛ ግሥ አክብሮቱን ወይ ይሰጣል ወይ ይነሳል፤ መሃል ላይ መቆም አይቻልም። የጨረስነው እንዲህ ነው፤ አንዱን ምረጡ፣ ከላይ እስከ ታች እሱን ያዙ። «ተወለደች»ን መረጡ። ያቺኛዋ እስካሁን አኩርፋለች።

ከዚያ ቅጽሎቹ። መግቢያው ላይ ብቻ «የሀገር ኩራት»፣ «እንቁ»፣ «ብርቅዬ»፣ «ጀግናዋ»፣ «የማትረሳው» አሉበት። ሁሉንም አስጠፋሁ። ፊታቸው ጠቆረ። ከዚያ የቀረውን ጮክ ብላችሁ አንብቡ አልኳቸው፦

ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘች። በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ውድድሩን እንደጨረሰች ሁለተኛ የወጣችውን ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየርን ጠብቃ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ።

ዝም አሉ። «በቃ ይኸው ነው?» አለች አንዷ። ከዚያ ቀስ ብላ «እንዲያውም ይሻላል» አለች።

ዓመተ ምሕረቱም ጣጣ ነበረው። ምንጮቻቸው የፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆኑ ከሁሉም ላይ ስምንት ሲቀንሱ ከርመዋል። ባርሴሎና ነሐሴ ላይ ስለሆነ 1992 ሲቀነስ 8፣ 1984 ልክ መጣ። ሲድኒ ላይ ግን ተሳሳቱ። 2000 ሲቀነስ 8 ብለው 1992 ጻፉ። ውድድሩ የተካሄደው ሴፕቴምበር 30 ነው፤ በእኛ መስከረም 20። ዓመቱ ተቀይሯል፤ 1993 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ የሚቀነሰው ሰባት ነው። ይህን ሁሉም ልጅ ያውቃል፤ ለበዓል ሲሆን። ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ ይረሳዋል።

መጋቢት 17

ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ተኩል ስልኬ ጮኸ። የቴሌግራም ግሩፓችን ነው።

«ቲቸር አጥፍተውታል!!!»

አንዱ ግሩፕ ረቂቁን በራሱ የመሞከሪያ ገጽ ሳይሆን በቀጥታ ሕዝብ በሚያየው ገጽ ላይ ለጥፎታል። አንድ ፈቃደኛ አርታዒ አይቶ ጠርጎታል። «ለምን?» ብለው ተቆጡ። ታሪኩን ከፍቼ አየሁት። ሦስቱ አንቀጾች ከአንድ ድረ ገጽ ቃል በቃል የተገለበጡ ናቸው፤ የአራት ነጥቡ ስህተት ሳይቀር።

የገረመኝ አለማፈራቸው ነው። «ምንጩን ጠቅሰናል እኮ» አሉ። ከእንግሊዝኛ መቅዳት ነውር እንደሆነ ያውቃሉ። ከአማርኛ መቅዳት ግን ነውር አይመስላቸውም፤ «በራሳችን ቋንቋ ነው» የሚል ነገር አለ። ሌላ ሰው የጻፈውን ምንጭ ብትጠቅስም ቃሉን እንዳለ ማምጣት አይቻልም። በተለይ እዚህ፣ ጽሑፉን ማንም ወስዶ እንዲጠቀምበት፣ እንዲሸጠውም ጭምር በሚፈቅድ ፈቃድ ነው የምንለቀው። የሰው ንብረት ወስደን «እንካችሁ፣ ሽጡት» እያልን ነው።

ለአርታዒው በውይይት ገጹ ላይ ይቅርታ ጻፍኩ። ትምህርት ቤት ነን፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። መልሱ አጭርና ጨዋ ነበር፤ መጀመሪያ በራሳቸው ገጽ ይለማመዱ። ልክ ነው። አንድ ሰው በትርፍ ጊዜው፣ ያለ ክፍያ፣ የእኔን ተማሪዎች ሲያርም አመሸ። ሥራው ግን የእኔ ነበር።

መጋቢት 24

ቡና። የዚህ ግሩፕ ረቂቅ በማሽን የተተረጎመ መሆኑን ያወቅኩት ከሁለተኛው መስመር ነው። «የቡና ባቄላ ከቼሪው ከተወገደ በኋላ» ይላል። የቡና ባቄላ! ጮክ ብዬ አነበብኩት። ክፍሉ ተንከተከተ። በዚህ አገር ቡና ባቄላ ሆኖ አያውቅም።

ከግሩፑ ውስጥ የአንዱ ልጅ አባት ጅማ አካባቢ ቡና ነጋዴ ነው። እስካሁን አንድ ቃል አልተነፈሰም ነበር። ጠየቅሁት፤ አባትህ ቀዩን ፍሬ ከዛፍ እንደተለቀመ ምን ይለዋል? «እሸት» አለ። ከነገለባው ሲደርቅስ? «ጀንፈል»። ታጥቦ የሚዘጋጀውስ? «የታጠበ ቡና፣ ሌላ ምን ይባላል?» አለኝ፣ ሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅኩ። ሌሎቹ ሦስቱ ዞረው አዩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የግሩፑ አለቃ እሱ ነው።

ልብ በሉ፤ የአባቱ ቃል ለእውነታው ምንጭ አይሆንም። ለአማርኛው ግን ይሆናል። እውነታውን ከታተመ፣ ቃሉን ከሰው። ይህቺን ልዩነት እኔም የተማርኳት ያን ቀን ነው።

ሚያዝያ 8

አዲስ ዘመን ጋዜጣ። ጋዜጣው በ1933 ዓ.ም.፣ ጣሊያን በወጣ ማግስት ነው የተጀመረው፤ እስከዛሬም ይታተማል። የሚጻፍ ሞልቷል። ግሩፑ አምስት ምንጭ ዘርዝሮ አመጣ። ደስ አለኝ። ሁለቱን ግን የትም አጣኋቸው። የመጽሐፍ ርዕስ አለው፣ ደራሲ አለው፣ ዓመት አለው፣ ገጽ ሳይቀር አለው።

«የት አነበባችሁት?»

ዝምታ። በመጨረሻ አንዱ «ኤአይ ነው የሰጠን» አለ። መጽሐፉን ዓይኑ አላየውም። መጽሐፉም የለም።

አልተቆጣሁም። በማግስቱ አራቱንም ይዤ ወመዘክር ሄድኩ። ሁለቱ በሩን አልፈው ገብተው አያውቁም ነበር። ካታሎግ ላይ የሌለውን መጽሐፍ ፈለጉ፣ አጡት። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቆሞ አንድን ነገር ማጣት ከእኔ ንግግር ሁሉ የበለጠ ሠራ። ከዚያ የድሮ ጋዜጣ ጠየቁ። ጥራዙ ሲመጣ ልጆቹ ጽሑፉን ረስተው ማስታወቂያ ማንበብ ጀመሩ። ሁለት ሰዓት ፈጀን። ምሳ አለፈን።

ሚያዝያ 22

የራሴ ስህተት ተራ ደረሰ።

የማርክ አሰጣጡን ስጽፍ «ቢያንስ 1,000 ቃል» ብዬ ነበር። ቅጣቱን አገኘሁ። ስለ ጠላ አጠማመቅ በሚያወራ ገጽ ላይ ስለ ኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት የሚያወራ አንቀጽ ምን ይሠራል? ቃል ይሞላል። ዛሬ ያንን መስፈርት በይፋ ሰረዝኩ። በሱ ፈንታ የገጹን ታሪክ አያለሁ። እያንዳንዱ ለውጥ ከነሰዓቱ፣ ከነሠሪው ተመዝግቧል። ማን ምንጭ ጨመረ፣ ማን የጓደኛውን ስህተት አረመ፣ ማን በመጨረሻው ሌሊት አንድ ነጠላ ሰረዝ ጨምሮ ስሙን አስገባ፤ ሁሉም ይታያል።

ይህም ቢሆን ሁሉን አያሳይም። የጠላዋ ልጅ ታሪኩ ላይ ያላት ለውጥ ሦስት ብቻ ነው። ላፕቶፕ የላትም። ደብተር ላይ ጽፋ ለጓደኛዋ ታነባለች፣ እሷ ትተይባለች። ደብተሩን አስመጥቼ ባላይ ኖሮ ጎበዟን ልጅ በዝቅተኛ ማርክ ልሸኛት ነበር።

ጽሑፉ ቢጠፋም ማርኩ አይነካም የሚለውንም ጨመርኩ። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ሥራ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፕሮግራም ሲመራ የቆየ ነው። ለመምህራኑ የሚሰጠው ምክርም ይኸው ነው፤ ገጹ ላይ በቀረው ነገር ማርክ አትስጡ። አለበለዚያ ተማሪው ከአርታዒዎቹ ጋር ይጣላል፤ ሌሎች የሚያርሙትን ገጽ እንደግል ርስቱ ይቆጥራል።

ግንቦት 7

ፎቶ። ሦስት ግሩፕ ከጉግል አውርዶ ጫነ፣ ሦስቱም ጠፋባቸው። አልደግመውም፣ ነገሩ ከመጋቢት 17ቱ ጋር አንድ ነው። ራሳችሁ አንሱ አልኩ።

የጠላዋ ልጅ በዚህ መሃል ሁለት የጥናት ጽሑፎች አግኝታለች። ጥንስሱ፣ ብቅሉ፣ ድፍድፉ ሁሉም ተጽፎበታል። «አያቴ ያለችውን ነው በእንግሊዝኛ የጻፉት» አለች፣ ትንሽ በኩራት፣ ትንሽ በቁጭት። ከዚያ ጠየቀችኝ፤ «ፎቶ ግን የራሴ ቢሆን ይቻላል አይደል?»

ይቻላል። ያነሳሽው አንቺ ከሆንሽ ያንቺ ነው።

ቅዳሜ አያቷ ጋ ሄዳ ተመለሰች። የጋን አፍ፣ ከውስጡ የሚወጣ የወይራ ጭስ፣ ጋኑን ደግፎ የያዘ የተሸበሸበ እጅ። ፊት የለበትም፤ አያትየው «ፊቴን አታንሺ» ብለዋል። ፎቶውን ስትጭን ፈቃዱን አስነበብኳት። ማንም ሊጠቀምበት፣ ሊሸጠውም ይችላል። ለአያትሽ ንገሪያቸው አልኳት። ነግራቸዋለች። «ጭስ ማን ይገዛል?» አሏት።

ሰኔ 3

የመጨረሻው ክፍል። ከስምንቱ ስድስቱ ጽሑፎች ገጹ ላይ አሉ። አንዱ ገና በመሞከሪያ ገጽ ላይ ነው፣ አንዱን እኔ ራሴ አይለቀቅ አልኩ። የደራርቱን ገጽ አንድ የማላውቀው ሰው ገብቶ ሁለት ፊደል አርሞበታል። ግሩፑ ከእኔ ማርክ ይልቅ በዚያ ነው የተደሰተው።

ሰኔ 11

ማርክ ካስገባሁ በኋላ የጠላዋ ልጅ ቢሮዬ መጣች። ጽሑፉን ለአያቷ በስልክ አንብባላቸዋለች። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳምጠው፣ «ግራዋው የታለ?» አሏት። ጋኑ ከመታጠኑ በፊት በግራዋ ቅጠል መታጠብ አለበት። ሁለቱ ጥናቶች ያን አልጻፉም፤ እሷም አልጻፈችም።

«አሁን ምን ላድርግ? ልጨምረው?»

ምንጭ እስክታገኚ አይጨመርም አልኳት። ግን ከጽሑፉ ጀርባ የውይይት ገጽ አለ፤ እዚያ መጻፍ ይቻላል። የእኔን ኮምፒውተር ሰጠኋት። እንዲህ ጻፈች፦ «ጋኑ ከመታጠኑ በፊት በግራዋ እንደሚታጠብ ከሚጠምቁ ሰው ሰምቻለሁ። የታተመ ምንጭ የሚያውቅ ካለ ይጨምር።»

ውይይት ላይ ሲጻፍ መፈረም አለ፤ ጠመዝማዛዋ ሰረዝ አራት ጊዜ። ቁልፉን ፈለገች፣ አጣችው። እኔም ጎንበስ ብዬ ፈለግሁ። ላይኛው ግራ ጥግ ላይ፣ ከአንዱ ቁጥር አጠገብ ኖሯል። አራት ጊዜ ነካችው።